«ዲሊበረትሊ»ን መረዳትና መጠቀም፦ ከ«ሆን ብሎ» እስከ «ረጋ ብሎ»

እህቴ አሜሪካ ከገባች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። አንድ ማታ ደወለችልኝ፤ ድምጿ ልክ አልነበረም። የሰባት ዓመት ልጇ ከትምህርት ቤት ይዞት በመጣው ወረቀት ላይ አስተማሪዋ ስለ እጅ ጽሑፉ «ስሎው ኤንድ ዲሊበረት» ብላ ጽፋለች። «ስሎው»ን እህቴ ታውቀዋለች። ሁለተኛውን ቃል ስልኳ ላይ ብትፈልገው «ሆን ተብሎ የተደረገ» የሚል መጣላት። ሁለቱን ስትገጥማቸው «ልጅሽ ሆን ብሎ ነው የሚንቀረፈፈው» ሆነባት። እኔ ጋ ከመደወሏ በፊት ልጁን ተቆጥታው፣ እሱም አልቅሶ ተኝቷል።

አስተማሪዋ ያለችው ግን ሌላ ነው። ልጁ አይቸኩልም፣ እያንዳንዷን ፊደል አስቦ ነው የሚያሳርፋት ማለቷ ነበር። ይህን ስነግራት እህቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ «ልቀስቅሰው እንዴ?» አለችኝ።

መዝገበ ቃላቱ አልዋሸም፤ ከሁለቱ ፍቺዎች አንዱን ብቻ ነው ያሳያት። ቃሉን የሚያውቁ አብዛኞቹ የአገሬ ሰዎችም ያችኑ አንዷን ፍቺ ይዘው ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ቃሉን ከሥሩ ጀምሬ አጠቃቀሙ ድረስ በቅደም ተከተል ላስረዳችሁ።

በመጀመሪያ ቃሉን በጆሮ ለዩት

የ«ዲሊበረትሊ» ፊደሎች ዲ፣ ኢ፣ ኤል፣ አይ፣ ቢ፣ ኢ፣ አር፣ ኤይ፣ ቲ፣ ኢ፣ ኤል፣ ዋይ ናቸው። ድምፁ ጎልቶ የሚነሣው የመጀመሪያው «ሊ» ላይ ነው፦ ዲ-ሊ-በ-ረት-ሊ። ፈጥነው የሚናገሩ ሰዎች መሐሉን ውጠው «ዲሊብረትሊ» ይሉታል። ቅጽሉ «ዲሊበረት» ነው፤ መጨረሻው አጭር ነው። በዚያው ፊደል የሚጻፈው ግስ ግን መጨረሻው ይረዝምና «ዲሊበሬይት» ይሆናል፤ ትርጉሙም መምከር፣ ግራ ቀኙን አይቶ መወሰን ነው። አሜሪካ ውስጥ ክርክሩ ካለቀ በኋላ ጁሪው፣ ማለትም ከተራ ዜጎች የተመረጠው ፈራጅ ቡድን፣ ክፍል ዘግቶ ሲመክር የሚባለው ይህ ግስ ነው። ጽሑፍ ላይ ሁለቱ አንድ ስለሆኑ ግስ ይሁን ቅጽል የሚነግራችሁ የዓረፍተ ነገሩ አቀማመጥ ነው።

ከሥሩ ያለውን ሚዛን አስታውሱ

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። በላቲን ትርጉሙ ማመዛዘን ሲሆን፣ ሚዛን ማለት ከሆነው «ሊብራ» ጋር ያያይዙታል። እኛም «አመዛዘነ» የምንለው ሚዛንን ይዘን ነው፤ ምስሉ ስለዚህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። ይህን ምስል ከያዛችሁ ሁለቱ ፍቺዎች ከአንድ ቦታ እንደወጡ ይታያችኋል። ነገሩን ከማድረጉ በፊት በልቡ የመዘነ ሰው፣ ሲያደርገው «ሆን ብሎ» ነው ያደረገው። እያደረገው ሳለ እያንዳንዷን እርምጃ የሚመዝን ሰው ደግሞ የሚያደርገው «ረጋ ብሎ፣ እየተጠነቀቀ» ነው። አንደኛው ስለ ፈቃድ ይናገራል፣ ሌላው ስለ አኳኋን።

ከመተርጎማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ

ጥያቄው ይህ ነው፦ ጸሐፊው የሚነግረኝ ሰውየው *ፈልጎ* እንዳደረገው ነው ወይስ *እንዴት* እንዳደረገው?

«ሂ ዲሊበረትሊ ብሮክ ዘ ካፕ» ቢባል ጥያቄው የፈቃድ ነው፦ ስኒውን ሆን ብሎ ሰበረው። «ሺ ስፖክ ስሎውሊ ኤንድ ዲሊበረትሊ» ቢባል ግን መናገሯን ማንም አልጠረጠረም፤ ሳታስበው አፏ አልተከፈተም። የሚነገረን ስለ አነጋገሯ ነው፦ ረጋ ብላ፣ ቃል እየመረጠች ተናገረች። እዚህ ላይ «ሆን ብላ ተናገረች» ብሎ መተርጎም ሴትዮዋን ያልሠራችውን ወንጀል ማሸከም ነው።

የሚረዷችሁ ምልክቶች አሉ። ከጎኑ «ስሎውሊ»፣ «ኬርፉሊ» ወይም «ካምሊ» ካለ፣ ወይም ግሱ መናገር፣ መራመድ፣ መጻፍ፣ ማኘክ የመሰለ ቀስ ተብሎም ተቸኩሎም ሊደረግ የሚችል ነገር ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስለ አኳኋን ነው። ግሱ መስበር፣ መደበቅ፣ መዋሸት፣ ችላ ማለት፣ ማሳሳት ከሆነ ስለ ፈቃድ ነው። የቃሉ ቦታም ይናገራል። «ሺ ስፖክ ዲሊበረትሊ» ረጋ ብላ ተናገረች ነው፤ «ሺ ዲሊበረትሊ ስፖክ አምሃሪክ» ደግሞ እንግሊዝኛ እየቻለች ሆን ብላ በአማርኛ ተናገረች ነው። ቃሉ ከግሱ በፊት ሲመጣ ወደ ፈቃድ፣ መጨረሻ ላይ ብቻውን ሲቀመጥ ወደ አኳኋን ያዘነብላል። ያዘነብላል አልኩ እንጂ ሕግ ነው አላልኩም፤ «ሂ ብሮክ ዘ ካፕ ዲሊበረትሊ»ም ያው ሆን ብሎ ሰበረው ነው።

ይህ ልዩነት የአገር ታሪክ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ ልንገራችሁ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በተለያየ ትምህርት ቤት ማስተማር ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። በዓመቱ፣ በ1955፣ ውሳኔው እንዴት ይፈጸም ለሚለው ጥያቄ በዋና ዳኛ ኧርል ዋረን የተጻፈው መልስ «ዊዝ ኦል ዲሊበረት ስፒድ» የሚል ሐረግ ነበረበት። ይህን «ሆን ተብሎ በተደረገ ፍጥነት» ብላችሁ ብትተረጉሙት ትርጉም አይሰጥም። «እየተመዘነ በሚሄድ ፍጥነት» ነው፤ ፍጠኑ፣ ግን እያሰባችሁ። የደቡብ ክልሎች «ስፒድ» የሚለውን ትተው «ዲሊበረት» የሚለውን ጎተቱ፤ እየመዘንን ነው እያሉ ዓመት በዓመት ላይ ደረቡ። በ1969 ያው ፍርድ ቤት ከሚሲሲፒ በመጣ ጉዳይ ላይ ያ መለኪያ ከእንግዲህ አይሠራም፣ አሁኑኑ ይፈጸም አለ። በአንድ ቅጽል ውስጥ ያለው የ«ቀስ» ትርጉም ለልጆች የአሥራ አራት ዓመት መጠበቅ ሆነ። የቃሉን ሁለተኛ ፍቺ ለሚንቅ ሰው ሁልጊዜ የምነግረው ይህን ነው።

አማርኛው ሰው ይጠይቃል፣ እንግሊዝኛው አይጠይቅም

«ሆን ብሎ» በሰው ይለዋወጣል፦ ሆን ብዬ፣ ሆን ብለሽ፣ ሆን ብላ፣ ሆን ብለን፣ ሆን ብላችሁ። ለምናከብረው ሰው «ሆን ብለው» እንላለን። «ዲሊበረትሊ» ግን ለማንም አይለወጥም። ስለዚህ ከእንግሊዝኛ ስትተረጉሙ አድራጊው ማን እንደሆነ መፈለግ የእናንተ ሥራ ነው። «ዘ ዶር ዋዝ ዲሊበረትሊ ሌፍት ኦፕን» ላይ አድራጊው አልተጠቀሰም፤ እኛም «በሩ ሆን ተብሎ ነው ክፍት የተተወው» ብለን አድራጊውን ሳንነካ እናልፋለን። «ሆን ተብሎ» ለዚህ ነው የተሠራው፤ ዜና የሚተረጉሙ ሰዎች «ሆን ብሎ» ባሉ ቁጥር ጽሑፉ ያልከሰሰውን ሰው እየከሰሱ መሆናቸውን ልብ ቢሉት ደስ ይለኛል።

ወደ እንግሊዝኛ ስትጽፉ የሚያጋጥመው ስህተት ደግሞ አንድ ነው፦ ቃሉን በግሱና በተሳቢው መካከል መሰንቀር። «ሂ ብሮክ ዲሊበረትሊ ዘ ካፕ» አይባልም። ወይ ከግሱ በፊት አድርጉት ወይ መጨረሻ ላይ ጣሉት። ረዳት ግስ ካለ ከረዳቱ በኋላ ይገባል፦ «ሂ ሃዝ ዲሊበረትሊ ኢግኖርድ ሚ»።

አሉታው ላይ ቆም በሉ

ሰው ራሱን የሚያስከስስበት ቦታ ይህ ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ላስቀምጥ፦

«አይ ዲድንት ዲሊበረትሊ ብሬክ ኢት።»
«አይ ዲሊበረትሊ ዲድንት አንሰር።»

የመጀመሪያው «ሰብሬዋለሁ፣ ግን ሆን ብዬ አይደለም» ማለት ነው። መስበሩን አምኗል። ሁለተኛው «አልመለስኩም፤ ያልመለስኩትም ሆን ብዬ ነው» ይላል። «ዲድንት» ከፊት ሲሆን የሚክደው ሆን ማለቱን ነው፤ ከኋላ ሲሆን ሆን ማለቱ ይጸናል፣ የሚካደው ድርጊቱ ነው።

አማርኛችን እዚህ ላይ ሁለቱንም በአንድ አቀማመጥ ይሸከማል። «ሆን ብሎ አልሰበረውም» ስንል ሰብሮታል፣ ግን ሳያስበው። «ሆን ብሎ አልመለሰም» ስንል ደግሞ አስቦበት ዝም አለ። አቀማመጡ አንድ ነው፣ የምንለየው በግሱና በሁኔታው ነው። አፍ ላይ ችግር የለውም፤ ጽሑፍ ላይ፣ በተለይ ለባለሥልጣን የሚገባ ጽሑፍ ላይ፣ ግን አደጋ አለው። ስለዚህ ከመተርጎማችሁ በፊት አማርኛውን ራሱን ፍቱት፦ «የሰበረው ሆን ብሎ አይደለም» ካላችሁ የመጀመሪያው እንግሊዝኛ ነው፤ «ሆን ብሎ ነው ያልመለሰው» ካላችሁ ሁለተኛው ነው። «ነው» እና «አይደለም» የት እንደሚወድቁ ካያችሁ እንግሊዝኛው ራሱ ቦታውን ያገኛል።

ኳስ ሜዳ ላይ ተለማመዱት

ቃሉን በደንብ ለመያዝ ከእግር ኳስ ሕግ የተሻለ መምህር አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በረኛ የራሱ ቡድን ተጫዋች *ዲሊበረትሊ* በእግሩ የመታለትን ኳስ በእጁ መያዝ አይችልም፤ ከያዘ ቀጥተኛ ያልሆነ የቅጣት ምት ይሰጥበታል። «ዲሊበረትሊ» የምትለዋ ቃል ባትኖር ኖሮ፣ ተከላካዩ ሊያርቅ ብሎ የተጠማዘዘበት ኳስ ወደ በረኛው ቢመጣ እንኳ መያዝ ጥፋት ይሆን ነበር። ዳኛው የሚመዝነው የተጫዋቹን ሐሳብ ነው፦ ለበረኛው ብሎ ነው የመታው ወይስ እግሩ ስቶ ነው? በእጅ መንካትም ላይ ቃሉ አለ። «እጁ ነው ወደ ኳሱ የሄደው ወይስ ኳሱ ነው ወደ እጁ የመጣው?» ብለን ቡና ቤት የምንከራከረው ክርክር የዚህ ቃል ትርጉም ነው። ዛሬ ግን ሳያስበውም ቢሆን ክንዱን ከተፈጥሮው ውጭ ዘርግቶ አካሉን ያገዘፈ ተጫዋች ይቀጣል፤ ስለዚህ ተንታኙ «ኢት ዋዝንት ዲሊበረት» ሲል ሰምታችሁ ቅጣቱ ቀረ ብላችሁ አትደምድሙ።

ከሁሉም የሚያስተምረው የኦፍሳይዱ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 በሚላን በተደረገው የኔሽንስ ሊግ ፍጻሜ ኪልያን ምባፔ ስፔን ላይ ያስቆጠረው የማሸነፊያ ጎል ጸደቀ፤ ምክንያቱ ኳሱ ሲሰጠው ኦፍሳይድ ቦታ ላይ ቢሆንም የስፔኑ ተከላካይ ኤሪክ ጋርሲያ ተወርውሮ ስለነካው «ዲሊበረት ፕሌይ» ተብሎ ተቆጠረ። ጋርሲያ ኳሱን ሊነካ ፈልጎ ነበር? አዎ። ግን ተቆጣጥሮታል? አይደለም። ሕግ አውጪው አካል በ2022 ማብራሪያ ሰጠ፦ «ዲሊበረት» ለመባል ተጫዋቹ ኳሱን የመቆጣጠር ዕድል ሊኖረው ይገባል፤ ኳሱ ከርቀት መምጣቱን በግልጽ ማየቱ፣ አለመፍጠኑ፣ ሰውነቱን ለማስተካከል ጊዜ ማግኘቱ ይታያል። በደመ ነፍስ እግር መዘርጋት ብቻ አይበቃም። ያ የላቲኑ ሚዛን እዚህ ቁጭ ብሏል፦ ለመመዘን ጊዜ ያልነበረው ሰው «ዲሊበረትሊ» አደረገ አይባልም።

ከጎረቤቶቹ ለዩት

«ኦን ፐርፐስ» የቤትና የመንገድ ቃል ነው፤ ልጆች የሚሉት እሱን ነው፣ ቦታውም ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። «ዲሊበረትሊ» ከሱ ይከብዳል። «ኢንቴንሽናሊ» ለ«ዲሊበረትሊ» በጣም የቀረበ ሆኖ ቢሮ ቢሮ ይሸታል፤ የዝግታ ፍቺ ግን የለውም። «ፐርፐስሊ» ሆን ብሎ ነው፤ «ፐርፐስፉሊ» ግን ዓላማ ይዞ፣ ቆርጦ ነው። «ሺ ዎክድ ፐርፐስፉሊ ቱ ዘ ዶር» ቢባል የት እንደምትሄድ እንደምታውቅ ሰው ወደ በሩ አመራች እንጂ ተንኮል የለበትም። ተቃራኒዎቹን «አክሲደንታሊ»፣ «ባይ ሚስቴክ» እና ደብዳቤ ላይ የሚወጣውን «ኢናድቨርተንትሊ» አብራችሁ ያዙ።

በደንብ ልቆይበት የምፈልገው «ኖዊንግሊ» ላይ ነው፤ «እያወቁ» ማለት ነው። አማርኛችን «አውቆ» በሚለው ቃል ማወቅንና ሆን ማለትን ያዋህዳል። «አውቆ የተኛን ቢጠሩት አይሰማም» ስንል የተኛው ሰው ሆን ብሎ ነው፤ «አውቆ አበድ»ም እንዲሁ። እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል። ቤቱ ውስጥ የተሰረቀ ዕቃ እንዳለ እያወቀ ዝም ያለ ሰው «ኖዊንግሊ» ነው፤ ዕቃው እንዲሰረቅ አልፈለገ ይሆናል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ለመንግሥት የሐሰት ቃል መስጠትን በሚከለክለው ርዕስ 18 አንቀጽ 1001 «ኖዊንግሊ ኤንድ ዊልፉሊ» ብሎ ሁለት ቃል የደረደረው ለጌጥ አይደለም፤ ማወቅ ለብቻው፣ ፈቃድ ለብቻው እንዲታይ ነው።

ጥገኝነት ለሚጠይቁ ወገኖቻችን ደግሞ «ዲሊበረትሊ» ራሱ ወረቀቱ ላይ ይመጣል። ለብዙ ዓመታት በተሠራበት የአሜሪካ ደንብ፣ ማመልከቻ «ፍሪቮለስ» የሚባለው አንድ ቁልፍ ክፍሉ «ዲሊበረትሊ ፋብሪኬትድ» ሲሆን ነው፦ ሆን ተብሎ የተፈበረከ። ቅጣቱ ከባድ ነው፤ ሰውየውን ከኢሚግሬሽን ሕጉ ጥቅም ለዘለቄታው ሊያግደው ይችላል። ቀን የተምታታባት እናት ግን አልፈበረከችም፤ የኛ ዘመን አቆጣጠር ወደ እነሱ ሲገለበጥ ወር መሳሳት ያለ ነገር ነው። ስህተቱን ያገኘ ሰው ለጠበቃው ወዲያው ይንገር፤ ሲያስረዳም «አይ ሮት ዘ ሮንግ ዴት ባይ ሚስቴክ» ይበል። አስተርጓሚ የሆናችሁ ደግሞ «አውቄ አይደለም» የሚለውን የሷን ቃል «አይ ዲድንት ኖው» ብላችሁ እንዳታወጡት። እሷ ያለችው «አይ ዲድንት ዱ ኢት ዲሊበረትሊ» ነው፤ አለማወቅና ሆን አለማለት የተለያዩ መልሶች ናቸው።

ከኢትዮጵያ ሕግ የሚተረጉም ሰውም አንድ ነገር ይያዝ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 58 እና 59 «አስቦ» ማድረግንና «በቸልተኝነት» ማድረግን ይለያል። «አስቦ» ውጤቱ ሊመጣ እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ የገባበትንም ይጨምራል። የዕለት ተዕለቱ «ዲሊበረትሊ» ግን እስከዚያ አይዘረጋም፤ ለሕግ ጽሑፍ «ኢንቴንሽናሊ» ይሻላል።

ክብደቱን ለክታችሁ ተናገሩት

በአማርኛ «ሆን ብለህ ነው» ሲባል ጠብ ሸተተ ማለት ነው። በእንግሊዝኛም «ዲድ ዩ ዱ ዛት ዲሊበረትሊ?» ብሎ የሥራ ባልደረባን መጠየቅ ክስ ነው፤ «ዲድ ዩ ሚን ቱ ዱ ዛት?» ብትሉ ይለዝባል። ግን እንግሊዝኛው ወደ መልካምም ይዞራል። አንድ ዲዛይነር ሥራዋን «ዲሊበረትሊ ሲምፕል» ብትል እየተመሰገነች ነው፤ አማርኛው «ሆን ተብሎ ቀላል የተደረገ» ሳይሆን «ታስቦበት ቀለል ተደርጎ የተሠራ» ነው። «ዊ ዲሊበረትሊ ኬፕት ዘ ግሩፕ ስሞል» ደግሞ «ቡድኑን ያሳነስነው አስበንበት ነው» ይሆናል። ሙገሳ ሲሆን «ታስቦበት»፣ ወቀሳ ሲሆን «ሆን ተብሎ»፣ አኳኋን ሲሆን «ረጋ ብሎ»፤ እኔ ሦስቱን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጎን ለጎን ጽፌ ነው የለመድኩት።

አሁን እነዚህን ራሳችሁ ሞክሯቸው፤ መልሱን ከማየታችሁ በፊት ያንን ጥያቄ ጠይቁ። «ዘ ኦልድ ማን ፎልድድ ዘ ሌተር ዲሊበረትሊ።» «ዜይ ዲሊበረትሊ ዲድንት ኢንቫይት ሂም።» «ዘ ፋየር ዋዝ ስታርትድ ዲሊበረትሊ።» የመጀመሪያው፦ ሽማግሌው ደብዳቤውን ረጋ ብለው፣ በጥንቃቄ አጠፉት። ሁለተኛው፦ ሆን ብለው ነው ያልጠሩት። ሦስተኛው፦ እሳቱ ሆን ተብሎ የተለኮሰ ነው። ሽማግሌው ላይ «ሆን ብለው አጠፉት» የሚል ከወጣላችሁ ወደ ጥያቄው ተመለሱ።

እህቴ በማግስቱ ለአስተማሪዋ በራሷ እጅ መልስ ጻፈች፤ እኔ አንድ ፊደል ብቻ ነው ያረምኩላት። ልጇ ብርቱካን ሲልጥ ልጣጩ እንዳይበጠስ እየተጠነቀቀ፣ አንድ ረጅም ጥቅል አድርጎ ነው የሚያወጣው። «ሂ ፒልስ ኦረንጅስ ዘ ሴም ዌይ» ብላ ጀመረችና «ስሎውሊ ኤንድ ዲሊበረትሊ» ብላ ጨረሰችው።